ዛፉ መጣ፣ ዜማው ቀረ

ስሙኝማ! የዛሬው ወግ ሆኖ ያለፈ፣ የታየና የተሰማ ነገር ነው። ቀኑ መጋቢት 10 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 19 ቀን 1932። ከዚህ ወዲያ የምጠራላችሁ ዓመት ሁሉ በእነሱው አቆጣጠር ነው። ቦታው ሲድኒ፣ አውስትራሊያ።

ከተማዋ ወደቧን ከዳር እስከ ዳር የሚያሻግር የብረት ድልድይ አሠርታ ልታስመርቅ ነው። ቅስቱ ብቻ 503 ሜትር ይረዝማል። ሕዝቡ በመቶ ሺዎች ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። የክፍለ ግዛቱ መሪ ጃክ ላንግ ሪባኑን ሊቆርጥ ሲሰናዳ፣ ፍራንሲስ ደ ግሩት የሚባል ሰው የወታደር ልብሱን ግጥም አድርጎ በፈረስ ከች አለና ሪባኑን በጎራዴ ሸረከተው! ፖሊሶች ከፈረሱ ላይ ጎትተው አወረዱት። ሪባኑ እንደገና ተቋጠረ፣ ላንግም በወጉ ቆረጠው። የዚያ ቀን ነገር በተነሣ ቁጥር እስከ ዛሬ የሚወራው ይኸው የጎራዴው ጉዳይ ነው።

እኔ ግን ጎራዴውን እዚያው ልተወውና ከሪባኑ በኋላ ስላለፈው ሰልፍ ልንገራችሁ።

ሰልፉ መጣላችሁ። ያጌጡ መኪኖች፣ ፈረሰኞች፣ የተማሪ ቤት ልጆች፣ ድልድዩን የሠሩት ሠራተኞች፣ የናስ መለከት የሚነፉ ባንዶች አለፉ። ከእነዚህ መካከል ዋላጋ ሌክ ከሚባል መንደር የመጡ ሰዎች አሉ። መንደሩ ከሲድኒ በስተደቡብ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከውቅያኖሱ ዳር ነው። ሰዎቹ የአገሩ ነባር ተወላጆች፣ ዩዊን የሚባሉት ሕዝብ ናቸው። እነሱም ባንድ ናቸው፤ ሙዚቃ እያሰሙ ነው የሚያልፉት። ነገር ግን መለከት አልያዙም፣ ክላርኔትም አልያዙም። እያንዳንዱ ከንፈሩ ላይ አንዲት ቅጠል ብቻ አስደግፏል።

የምን ቅጠል? የባሕር ዛፍ!

አዎን፣ እናታችሁ ጉንፋን ሲይዛችሁ አፍልታ፣ በነጠላ ሸፍና ያጠነቻችሁ ያው ቅጠል። ከእንጦጦ ቁልቁል በእናቶች ጀርባ ላይ ተቆልሎ የሚወርደው፣ ከምጣድ ሥር ሲገባ የሚንጣጣው ቅጠል። ዋላጋ ሌኮች በእሱ መዝሙር ይዘምሩበት፣ ዋልስ ያስጨፍሩበት፣ ሰልፍ ይመሩበት ነበር።

ይህን ነገር ስሰማ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ አውስትራሊያ አልነበረም፤ ስለ እኛ ነበር። ባሕር ዛፍን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከዐድዋ ድል ጥቂት ቀደም ብሎ ተቀበልነው። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት በተጨነቀችበት ወቅት ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ ሊያዞሩ፣ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ያ ቤተ መንግሥት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ከተማዋም ባለችበት ጸናች። ለዚህ በጥቂት ዓመት ለማገዶና ለቤት የሚደርሰው፣ ሲቆርጡት ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጠው እንግዳ ዛፍ ትልቅ ድርሻ አለው። ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው አገሩ ታዝማኒያና የቪክቶሪያ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ደግሞ በአውስትራሊያ ወንዞች ዳር፣ በተለይ መሪ በሚባለው ታላቅ ወንዝ ግራና ቀኝ ጫካ ሆኖ ይበቅላል።

ዛፉ ሲመጣ ጥቅሙን ይዞ መጣ፤ አጣናውን፣ ማገሩን፣ የስልክ እንጨቱን። ጣጣውንም ይዞ መጣ፤ ውኃ ይመጥጣል፣ አጠገቡ እህል አያስበቅልም እየተባለ ገበሬና ባለሙያ እስከ ዛሬ ይሟገትበታል። ዜማው ግን አልመጣም። ዘሩ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ በቅጠሉ የሚጫወተው ሰው አገሩ ቀረ፤ ያ ሰው በዚያን ጊዜ በምን ሁኔታ ይኖር እንደነበር ደግሞ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙኝ።

ቪክቶሪያ ውስጥ በ1869 አንድ ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት ነባሩ ተወላጅ የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚሠራ፣ ደመወዙን ማን እንደሚይዝለት፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚያድጉ የሚወስነው መንግሥት ያቆመው ቦርድ ሆነ። በ1861 በቤተ ክርስቲያን ሰዎች የተመሠረተው የሌክ ታየርስ ሚሲዮን ነባሩ ተወላጅ እንዲሰፍርባቸው ከተደረጉት ሰፈሮች አንዱ ነው። ከ1917 ወዲህ ሌሎቹ ሰፈሮች እየተዘጉ ሰዎቹን ከየአገራቸው እየነቀሉ ወደዚያ ሰበሰቧቸው። ኒው ሳውዝ ዌልስም የራሱ ሕግና የራሱ ቦርድ ነበረው፤ ዋላጋ ሌክ በዚያ በኩል ነው። በብዙዎቹ ሰፈሮች የአባቶችን ቋንቋ መናገር ነውር ተደረገ፣ የአባቶችን ሥርዓት መፈጸም ተከለከለ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ራሱ የሕዝቡ ቁጥር ሲሰላ ነባሩ ተወላጅ አብሮ እንዳይቆጠር ይል ነበር፤ ይህ አንቀጽ የተሰረዘው በ1967 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው «ይሰረዝ» ሲል ነው። ስለዚህ ያን ቀን በድልድዩ ላይ ቅጠል እየነፉ ያለፉት ሰዎች፣ በገዛ አገራቸው የሕዝብ ቁጥር ውስጥ ያልገቡ ሰዎች ነበሩ።

ሰውን መሬቱን ትቀማዋለህ፤ ጦሩን ትቀማዋለህ። ቅጠል ግን እንዴት ትቀማዋለህ? ነገ ሌላ ያበቅላል። ቢሮ አይመዘግበውም፣ ዘበኛ አይፈትሸውም፣ መግዣ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቅጠል መንፋቱ ለእነሱ አዲስ ነገር አልነበረም። አዳኞች በቅጠል የወፍ ድምፅ እያስመሰሉ ወፍ ይጠሩ እንደነበር ይተረካል። ሚሲዮናውያኑ መዝሙር ሲያስተምሯቸው ጆሯቸው ያንን ያዘና ዜማውን በቅጠል አወጡት። አንዱ ዋናውን ዜማ ይይዛል፣ ሌላው ከሥር በወፍራሙ ይከተላል፣ ሦስተኛው ከላይ ይቀጥናል። እንዲህ እንዲህ እያለ የቅጠል ባንድ ተወለደ። ሌክ ታየርስ ባንድ ነበረው። ዋላጋ ሌክ ነበረው። በመሪ ወንዝ ዳር፣ ቀይ ባሕር ዛፍ በሞላበት፣ የዮርታ ዮርታ ሕዝብ ሰፈር የሆነው ከመራጉንጃ ነበረው። ኬምፕሲ ከሚባለው ከተማ አጠገብ በርንት ብሪጅ ላይም ጆርጅ ፖሰም ዴቪስ የሚባሉ ሰው የሚመሩት ባንድ ነበር። ሮቢን ራያን የምትባል ተመራማሪ ከ1890ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ያለውን የዚህን ሙዚቃ መቶ ዓመት ተከትላ የዶክትሬት ጽሑፏን ሠርታበታለች፤ እሷ ባትደክምበት ኖሮ ብዙው ነገር ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበር ነበር።

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚው ድቀት መጣ። ለነጩም ሥራ ጠፋ፤ ለጥቁሩማ ይብሱን ጠፋ። የባንዶቹ ሰዎች ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ በየመንገዱ ዳር፣ በየአዳራሹ በር፣ በየገበያው ቆመው መንፋት ያዙ። ሰዉ ሳንቲም ይወረውራል። ሌክ ታየርስ ላይ ደግሞ ቱሪስት በጀልባ እየመጣ ቡሜራንግ ሲወረወር ያያል፣ ቅጠሉንም ይሰማል፣ ተደስቶ ይመለሳል። ከመራጉንጃ ላይ ግን ችግሩ በዚህ አላበቃም፤ ሕዝቡ እምቢ አለ። በፌብሩዋሪ 1939 በአያያዙና በራሽኑ የተማረሩ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ሰፈሩን ጥለው፣ የመሪን ወንዝ ተሻግረው ወደ ቪክቶሪያ ወጡ። በታሪካቸው ውስጥ ትልቅ ስም ያለው እምቢታ ነው።

አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፤ ጉቡ ቴድ ቶማስ ይባላሉ። በ1909 የተወለዱ የዩዊን ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከቅጠል ባንድ ጋር አገር ለአገር ዞረዋል። ሸምግለው፣ የሕዝባቸው አባት ከሆኑ በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ መምቡላ በሚባለው ቅዱስ ተራራቸው ላይ ያለው ጫካ ለእንጨት ሲቆረጥ «አይሆንም!» ብለው ተነሡ። ተሟገቱ፣ ሰው አስተባበሩ፣ ተራራውም ጥበቃ እንዲያገኝ አደረጉ። በጉብዝናቸው በዛፍ ቅጠል ዘምረው በእርጅናቸው ለዛፍ ጠበቃ ቆሙ። እኔ እኒህን ሰው ሳስብ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ «ለመሆኑ ቅጠል እንዴት አድርጎ ይዘምራል?» የሚለኝ አይጠፋም። ደግ ጠየቃችሁ፤ እዚህ ላይ አልቸኩልም።

ቅጠሏን ከግራና ከቀኝ ጫፏ በሁለት እጅ ጣቶች ይይዟታል። ጀርባዋን የታችኛው ከንፈር ላይ ያስደግፏታል፤ የላይኛው ጠርዟ ቀና ብሎ የላይኛውን ከንፈር ሊነካ ምንም አይቀረው። በከንፈሩና በጠርዙ መካከል ጭላንጭል የምታህል ክፍተት ትቀራለች። ትንፋሽ በዚያች ክፍተት ሲገፋ ጠርዙን ይከፍተዋል፤ የቅጠሏ ጥንካሬ መልሶ ይዘጋዋል፤ ትንፋሹ ደግሞ ይከፍተዋል። ይህ መክፈትና መዝጋት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በመቶዎች ጊዜ ይደጋገማል። ኦርኬስትራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም የሚቃኝበትን ድምፅ ለማውጣት ጠርዟ በሴኮንድ 440 ጊዜ መርገብገብ አለባት። ዓይን አያየውም፤ ከንፈር ግን ያውቀዋል፤ ያሳክካል፣ ይነዝራል፣ ጀማሪውን ያስቀዋል።

ታዲያ ቀዳዳ የላት፣ ክር የላት፣ ቁልፍ የላት። ድምፁን የሚያቀጥነውና የሚያወፍረው የከንፈሩ መጥበቅና መላላት፣ የትንፋሹ ግፊት፣ ጣቶቹ ቅጠሏን የሚወጥሩበት ልክ፣ ምላስ በአፍ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ፒያኖ በተሠራለት ቁልፍ ላይ ይቆማል፤ ቅጠል ግን ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተች ትሄዳለች፤ የሰው እንጉርጉሮ እንደሚያደርገው ታለቅሳለች፣ ትንቀጠቀጣለች። እዚህ ላይ ልቤ ወደ አገሬ ይመለሳል። የተወሰነ ቅኝት የሌላት መሣሪያ ለየትኛውም ቅኝት አታስቸግርም። ትዝታ በሏት፣ ባቲ በሏት፣ አንቺሆዬ በሏት፣ አምባሰል በሏት፤ የሚመራት የተጫዋቹ ጆሮ ነው።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ለዚህ ሥራ የተመቸበት ምክንያትም አለው። ወፈር ያለ፣ ቆዳማ፣ ሰም የተቀባ ነው፤ በትንፋሽ እርጥበት ቶሎ አይላላም። ጠርዙ እንደ አንዳንድ ቅጠል የመጋዝ ጥርስ የለውም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ አንዱ ነጭ ባሕር ዛፍ ሁለት ዓይነት ቅጠል ያወጣል። ለጋው፣ ከጉቶ ሥር አዲስ ያቆጠቆጠው ላይ ያለው፣ ክብ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት፣ ያለ አገዳ ከግንዱ ላይ ፊት ለፊት የተጣበቀ ነው። ዛፉ ሲያድግ ግን ቅጠሉ መልኩን ይለውጣል፤ ይረዝማል፣ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፣ ይጠቁራል፣ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ለዜማ የሚፈለገው ይኸኛው ነው። እኛ አገር ዛፉ ሳያረጅ ስለሚቆረጥ በየደጃችን የሚታየው ብዙውን ጊዜ ለጋው ነው፤ ረጅሙን የሚሻ ሳይቆረጥ የቆየ ዛፍ ይፈልግ።

የሣሩ ነገር ሌላ ነው። ጥጃ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል። ሰፋ ያለ የሣር ቅጠል በሁለት አውራ ጣቶች መካከል ወጥረህ፣ በጣቶቹ አንጓ መካከል በቀረችው ሽንቁር እፍ ስትል፣ ፊሽካ የሚያስንቅ ጩኸት ይወጣል። እዚህ ላይ የሚሠራው ከንፈር ሳይሆን ሣሩ ራሱ ነው፤ ከላይና ከታች ተይዞ፣ ነፋሱ በሁለቱም ጎኑ ሲያልፍ ይርገበገባል። አውራ ጣትህን ጎተት ብታደርግ ይቀጥናል፣ ብታላላው ይወፍራል፤ መዳፍህን ከኋላ ብትከፍተውና ብትዘጋው ድምፁ ይለዋወጣል። እንዲህም ሆኖ ዜማ ለማውጣት ያስቸግራል፤ ለመጥራትና ለማስደንገጥ ግን ማን ይችለዋል! በእኛ እረኛ እጅ ሣር ዜማ የሆነው በሌላ መንገድ ነው። ሸምበቆም ቀርከሃም በእጽዋት ጠበብት አቆጣጠር የሣር ወገን ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ቆርጦ፣ አራት ቀዳዳ በስቶ ዋሽንት ያደረገ እረኛ የነፋው ያንኑ ሣር ነው።

ቅጠል መንፋት የአውስትራሊያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቻይና ውስጥ ዱ ዩ የሚባል ሊቅ በ801 በፈጸመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ከሙዚቃ መሣሪያዎች ጋር ቅጠልን ቆጥሯል፤ የብርቱካንና የዘመዶቹ ቅጠል የተሻለ እንደሆነም ያውቅ ነበር። ቼንግዱ ከተማ ባለው የንጉሥ ዋንግ ጂየን መቃብር ላይ 24 ሙዚቀኞች በድንጋይ ተቀርጸዋል፤ አንደኛዋ ቅጠል ነፊ ናት። ንጉሡ የሞተው በ918 ነው። ኮሪያም በ1493 የተጻፈው የቤተ መንግሥት የሙዚቃ መጽሐፍ ለቅጠል ቦታ ሰጥቶታል። ንጉሥ ፊት ቀርቦ የተከበረ ነገር ነው እንግዲህ።

ወደ ባሕር ዛፉ አገር ልመልሳችሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባንዶቹ እየተበተኑ ሄዱ። ሬዲዮኑ መጣ፣ ጊታሩ መጣ፣ ወጣቱም ወደ ከተማ ሄደ። በ1977 ቪክቶሪያ ውስጥ ሜሪቦሮ በምትባል ከተማ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነፊዎች ውድድር ተጀመረ፤ ነጩም ጥቁሩም ቅጠሉን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ከጊፕስላንድ የጉናይ ኩርናይ ተወላጅ የሆኑት ኸርብ ፓተን ከዘመዶቻቸው ሽማግሌዎች የተማሩትን ይዘው በቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ሳይቀር ቀረቡ። በ1999 ደግሞ ቅጠል አነፋፍን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተሙ። በርንት ብሪጅ ላይ ባንድ የነበራቸው የጆርጅ ፖሰም ዴቪስ የሥጋ ዘመድ፣ የጉምባይንጊር ሕዝብ እናት ሮዚና ቦስተንም በቅጠል ዜማ ከመጫወታቸው ሌላ፣ ኩካቡራ የምትባለውን፣ ሳቋ የሰው የሚመስለውን ወፍ በቅጠል ያስመስሉ ነበር።

ይህን ሁሉ የምተርክላችሁ ደስ ብሎኝ ነው፤ ቁጭትም አለብኝ። ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ ዛፍ ቤት ሠርተናል፣ እንጀራ ጋግረናል፣ ጉንፋን አባርረናል። አዝማሪ ያላት፣ ያሬድ ያላት አገር ከአጥሯ ላይ የተንጠለጠለውን መሣሪያ ሳትሞክረው መቅረቷ ያንገበግበኛል። በየሙዚቃ ትምህርት ቤታችን ዋሽንት የሚያስተምሩ መምህራን አሉን፤ አንድ ከሰዓት ተማሪዎቻቸውን ባሕር ዛፍ ሥር ይዘው ቢወጡ ምን ይጎዳሉ? ተማሪው መሣሪያ ለመግዛት አባቱን አያስጨንቅም።

ለመሞከር የተነሣ ካለ እንዲህ ያድርግ። ረጅሙን ቅጠል ይምረጥ፤ ያልደረቀ፣ ያልተበላ፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት ያልተቦደሰ፣ ሲያጥፉት የሚታጠፍ እንጂ የማይሰበር። በንጹሕ ውኃ ይጠበው፤ ዘይቱ ለሆድ አይሆንምና አያኝከው። በሁለት እጁ ወጥሮ የታችኛው ከንፈሩ ላይ ያስደግፈው፤ ጉንጩን ሳይነፋ ቀጭን ትንፋሽ ወደ ጠርዙ ይላክ። መጀመሪያ የሚወጣው ባዶ ነፋስ ነው። ቅጠሉን ወደ ላይና ወደ ታች በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ፣ ከንፈሩን እያጠበቀ ይቀጥል፤ ድንገት ጥዝዝ ይላል። ጥዝዝ ያለበትን ቦታ እንዳይለቀው፤ እዚያው ላይ ድምፁን ያርዝመው፣ ከዚያ ትንሽ ያቅጥነው፣ ትንሽ ያወፍረው። ሲጀምር ከልጅነቱ ጀምሮ በሚያውቀው ዜማ ይጀምር፤ ጣት የሚያሳርፍበት ቀዳዳ ስለሌለ መንገዱን የሚያሳየው የለመደ ጆሮው ብቻ ነው። ቅጠሉንም ሁለት ሦስት አድርጎ ይቅጠፍ፤ የመጀመሪያው ከጥቂት ዜማ በኋላ ከጠርዙ ይሰነጠቃል።